ቅልጥ ዓለቱ ደጃፏ ላይ የቆመላት ቤተ ክርስቲያን

የትንሣኤ በዓል በእኛ ዘንድ የተራራቀ ቤተሰብ የሚገናኝበት፣ በሩቅ አገር ያለውም ሳይቀር በሐሳቡ ወደ ወላጆቹ ማዕድ የሚመለስበት በዓል ነው። በዛሬው የበዓል ገጻችን የምናቀርብላችሁ ጽሑፍም የአንድ ቤተሰብን ጉዞ የሚተርክ ነው። የጉዞው መድረሻ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል የምትገኘው ሬዩኒየን የተባለች ደሴት ስትሆን፣ ስሟ በፈረንሳይኛ «መገናኘት» ወይም «መሰባሰብ» ማለት ነው።

ደሴቲቱን የጎበኘነው በዐቢይ ጾም መገባደጃ ላይ ነው። አብረውን የነበሩት በፈረንሳይ አገር የምትኖረው እኅታችን፣ ባለቤቷ፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም የልጅ ልጆቻቸውን ለማየት ከአዲስ አበባ የሄዱት እናታችን ናቸው። ስለ ደሴቲቱ ውበት የተነገረውና የተጻፈው ብዙ ነው። እኛ ግን ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያንና እርሷን ባየንበት ዕለት በቤተሰባችን መካከል የተነሣው ጥያቄ ነው። ጥያቄው፣ አደጋ መጥቶ ባለፈ ጊዜ ልናመሰግንበት የሚገባን የተረፈው ሕንፃ ነው ወይስ የተረፈው ሰው? የሚል ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ከመድረሳችን በፊት ግን እሳቱ ወደሚነሣበት ተራራ መውጣት ይኖርብናል።

ከባሕር ወለል የተነሣች ደሴት

ሬዩኒየን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስፋቷ 2,512 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህም የአዲስ አበባ ከተማን አምስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። በላይዋ የሚኖረው ሕዝብ ወደ ዘጠኝ መቶ ሺሕ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የፈረንሳይ አንድ የአስተዳደር ክፍል በመሆኗ፣ ከፓሪስ የተነሣ መንገደኛ አሥራ አንድ ሰዓት ያህል በአየር በርሮ ሲያርፍ የሚያገኘው ያንኑ ቋንቋና ያንኑ ገንዘብ ነው። ሙቀቱ፣ ዘንባባው፣ የሸንኮራ አገዳው እርሻና የሰዉ መልክ ግን ሌላ ዓለም መሆኑን ወዲያው ይነግሩታል።

ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ የእሳተ ገሞራ ሥራ ናት። በአካባቢው የባሕሩ ጥልቀት አራት ሺሕ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከምድር ውስጥ እየፈላ የወጣው ቅልጥ ዓለት በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት እየተነባበረና እየረጋ ከውኃው በላይ ብቅ ብሏል። በዚህ አኳኋን ሁለት ታላላቅ ተራሮች ተሠርተዋል። የመጀመሪያው ፒቶን ዴ ኔዥ ይባላል፤ ቁመቱ 3,070 ሜትር ነው። ይህ ሽማግሌ ተራራ ከአሥራ ሁለት ሺሕ ዓመታት ወዲህ እሳት አልተፋም። ሁለተኛው ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ ነው፤ ቁመቱ 2,632 ሜትር ሲሆን፣ በዓለም ላይ አዘውትረው ከሚፈነዱት እሳተ ገሞራዎች መካከል ይቆጠራል። በአማካይ በዓመት አንድ ጊዜ ያህል ይነሣል።

የእኅታችን ባለቤት «ፉርኔዝ» ማለት በአማርኛ «እቶን» ማለት እንደሆነ በነገራቸው ጊዜ፣ እናታችን ሠለስቱ ደቂቅን አስታወሱ። «ናቡከደነፆር ካነደደው እቶን አጠገብ ነዋ ልታሳድሩኝ ያመጣችሁኝ!» ሲሉ ሁላችንንም አሳቁን። ይሁን እንጂ በማግስቱ ወደ ተራራው ለመውጣት ከሁላችንም ቀድመው የተነሡት እርሳቸው ነበሩ።

ወደ እቶኑ አፋፍ

ወደ ተራራው የሚወጣ ጎብኚ ከባሕሩ ዳርቻ የሚነሣው ገና ሳይነጋ ነው። ረፈድ ሲል ደመና ከባሕሩ ተነሥቶ ተራራውን ስለሚሸፍነው፣ የዘገየ ሰው የሚያየው ነጭ ጉም ብቻ ነው። መኪናችን ሽቅብ በወጣ ቁጥር አየሩ እየተለወጠ ሄደ። በባሕሩ ዳርቻ በቀላል ልብስ ስንወዛ ያደርን ሰዎች፣ ቡር ሙራ ከተባለችው የደጋ መንደር ስንደርስ ሹራብና ካፖርት ፍለጋ ገባን። እናታችን ጋቢያቸውን ይዘው በመምጣታቸው በአሸናፊነት ፈገግ አሉ። በመስኩ ላይ የሚግጡትን ላሞች፣ አጥሩንና ጭጋጉን እያዩም «ይህስ ደብረ ብርሃን አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ።

ከመንደሯ አልፎ ሣሩ ያልቅና «የአሸዋ ሜዳ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው፣ ቀይና ጥቁር ደቃቅ ድንጋይ የለበሰ ሰፊ ገላጣ ይጀምራል። ዛፍ የለም፤ የወፍ ድምፅም አይሰማም። መንገዱ የሚያበቃው 2,311 ሜትር ከፍታ ባለው ፓ ደ ቤልኮምብ በተባለው አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የሚያየው በገደል የታጠረ፣ በረጋ ቅልጥ ዓለት የተሸፈነ ታላቅ ሜዳ ነው። በሜዳው መካከል ዋናው ተራራ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል፤ ከገደሉ ሥርም እ.ኤ.አ. በ1753 የተፈጠረችው ፎርሚካ ሌዎ የተባለች ቀላ ያለች ትንሽ ጉብታ ትታያለች።

ወደ ሜዳው የሚያወርደው ረጅም ደረጃ በር አለው። ተራራው ሊነሣ ነው የሚል ምልክት በታየ ጊዜ በሩ ይዘጋል። እኛ በሄድንበት ዕለት ክፍት ስለነበረ፣ እናታችንና እኅታችን በአፋፉ ላይ ቀርተው የቀረነው ከልጆቹ ጋር እስከ ትንሿ ጉብታ ወረድን። መንገዱን የሚያመለክተው በድንጋዩ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው። ከእግራችን በታች ያለው ዓለት አንዳንዱ እንደ ተገመደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ አንዳንዱም እንደ ሊጥ ተጣጥፎ የረጋ ነው። ልጆቹ ገና ትኩስ ይሆናል ብለው በመዳፋቸው እየነኩ ይሄዱ ነበር።

ይህ ጸጥ ያለ የሚመስለው ተራራ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየው ብዙ ዘመን አልሆነውም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 2007 በተራራው ውስጥ የነበረው ቅልጥ ዓለት በሥሩ ባለው ስንጥቅ በኩል በብዛት ፈስሶ በወጣ ጊዜ፣ ጫፉ ላይ ያለው ዶሎሚዮ የተባለው ታላቅ የእሳተ ገሞራ አፍ መደገፊያ አጥቶ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የሰመጠው ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ነው። መስመጥ የጀመረው ሚያዝያ 5 ለ6 አጥቢያ ሌሊት ነበር። በዚያ ዓመት የምሥራቁም የምዕራቡም አብያተ ክርስቲያናት ትንሣኤን ያከበሩት ሚያዝያ 8 ቀን ስለነበረ፣ ተራራው የፈረሰው ለስቅለት ዓርብ አጥቢያ ነው ማለት ነው። የፈሰሰው እሳት በደቡብ ምሥራቅ በኩል የባሕሩን ዳር መንገድ ቆርጦ ውቅያኖስ ገባ፤ በገባበትም ቦታ አዲስ መሬት ፈጠረ።

በትንሣኤ ሰሞን የመጣ እሳት

በሌላው ቀን ይህንኑ የባሕር ዳር መንገድ ይዘን ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጓዝን። አካባቢው ግራን ብሩሌ፣ ማለትም «ታላቁ ቃጠሎ» ይባላል። ከተራራው የሚወርደው ቅልጥ ዓለት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕሩ የሚሄደው በዚህ በኩል ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ እያንዳንዱ ፍሰት የወረደበትን ዓመት የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል። በቅርቡ የወረደው ጥቁርና ራቁቱን ነው። ቆየት ባለው ላይ ግራጫ የድንጋይ ሽበት በቅሎበታል። ከዚያ በቀደመው ላይ ፈርን፣ ይበልጥ በቀደመው ላይ ደግሞ ዛፍ አለ። ሰሌዳውን ሳያነብ የበቀለውን ብቻ አይቶ ዘመኑን መገመት ይቻላል። ልጆቹም ይህንኑ ጨዋታ አድርገውት የመኪናውን መስኮት ከፍተው ሲከራከሩ ቆዩ።

በዚህ ጎዳና ላይ ፒቶን ሳንት ሮዝ የተባለች መንደር አለች። መንደሯ ከተራራው የተለመደ የእሳት መውረጃ ውጭ ስለሆነች፣ ነዋሪዎቿ እሳቱን ከሩቅ ሲያዩት እንጂ በደጃቸው ሲጠብቁት አልኖሩም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1977 ግን ከመንደሯ በላይ ባለው የተራራው ጎን ምድሪቱ ተሰነጠቀች። ጊዜው የትንሣኤ ሰሞን ነበር፤ በዓሉ በዚያ ዓመት የዋለው ሚያዝያ 10፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 2 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ነዋሪዎቹ ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ቅልጥ ዓለቱ የአገዳውን እርሻና ቤቶቹን እያቃጠለ በመንደሯ መካከል ወረደ፤ የጸጥታ አስከባሪዎቹን ጣቢያም ዋጠ። ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኒቱ ደረሰ።

በቤተ ክርስቲያኒቱ ፊት የሆነውን ነገር ዛሬም ሄዶ ማየት ይቻላል። ፍሰቱ ለሁለት ተከፍሎ ሕንፃውን በግራና በቀኝ አልፎታል። በዋናው በር በኩል የመጣውም ደጃፉን አልፎ ጥቂት ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ ቆሞ ቀርቷል። ግድግዳው አልፈረሰም፤ ጣሪያውም አልተቃጠለም። ውስጡ ከተጸዳና ከታደሰ በኋላ ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደገና አገልግሎት ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህም «የቅልጥ ዓለቶች እመቤታችን» በሚል ስም ትጠራለች። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር ዓለት ግን እንዳለ ነው። ምእመናኑ ለጸሎት የሚገቡት በዚያው መካከል አልፈው ነው።

እናታችን ከመኪናው ወርደው ነጠላቸውን አስተካክለው ካማተቡ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። በመጨረሻም «ተመስገን፤ እቶኑን ያበረደ አምላክ ዛሬም አለ» አሉ። የአሥራ አንድ ዓመቱ የእኅታችን ልጅ ግን ዓይኑን ከጥቁሩ ዓለት ላይ ሳያነሣ፣ «እምዬ፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎችስ? እነርሱስ አልጸለዩም ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

አባቱ ነገሩን በሳይንስ ሊያስረዳው ሞከረ። ቅልጥ ዓለት ፈሳሽ እንደመሆኑ ዝቅ ያለ ቦታ ተከትሎ እንደሚሄድ፣ ጫፉም አየር እያገኘ ሲቀዘቅዝ እንደሚጠጥርና የኋለኛው ወደ ጎን እንደሚዞር ነገረው። ልጁ ግን የጠየቀው አያቱን ነበርና መልስ የጠበቀው ከእርሳቸው ነው። እናታችን ጥቂት አሰብ አድርገው፣ «ከመካከላቸው የሞተ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁ። በዚያ እሳት አንድም ሰው እንዳልሞተ ስንነግራቸው፣ «እንግዲያማ ልጄ፣ ተአምሩ እርሱ ነው። ቤት ይሠራል። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ይሠራል» አሉት።

ይህ የእናታችን ቃል ከዚያ በኋላ ባየነው ሁሉ አብሮን ተጓዘ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለምን እንደ ተረፈች እያንዳንዱ ሰው እንደ እምነቱና እንደ ዕውቀቱ ይናገር ይሆናል። ሕዝቡ የተረፈው ግን እሳቱ ሳይደርስበት በጊዜ ስለ ወጣ መሆኑ አያከራክርም። በጊዜ መውጣት ደግሞ በጊዜ ማወቅን ይጠይቃል።

የደሴቲቱ ሰዎች ከ1977ቱ እሳት የተማሩትም ይህንኑ ይመስላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1979 መጨረሻ፣ ቀደም ሲል ባለፍንባት በቡር ሙራ መንደር የእሳተ ገሞራ መከታተያ ጣቢያ ተቋቋመ። ቅልጥ ዓለት ወደ ላይ ሲወጣ ዓለቱን እየሰነጠቀ ስለሆነ፣ ሰው የማይሰማው ብዙ ትንንሽ የመሬት መንቀጥቀጥ ይፈጠራል፤ የተራራውም ጎን በጥቂቱ ያብጣል። በተራራው ላይ የተተከሉት መሣሪያዎች ይህን መንቀጥቀጥና እብጠት፣ እንዲሁም ከምድር የሚወጣውን ጋዝ ይለካሉ። ምልክቱ በታየ ጊዜ ባለሥልጣኖቹ ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ እኛ ያለፍንበት የደረጃው በርም ይዘጋል። ከልጆቹ ጋር በሰላም ወርደን በሰላም የወጣነው ቀንና ሌሊት ተራራውን የሚያዳምጡ ሰዎች ስላሉ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳን።

ገደሉ ያስጠጋቸው ሰዎች

በደሴቲቱ ላይ ያሳለፍናቸው የመጨረሻዎቹ ቀናት ከእሳቱ ተራራ ራቅ ብለን በሽማግሌው ተራራ ዙሪያ የቆየንባቸው ናቸው። ፒቶን ዴ ኔዥ ከተኛ ወዲህ ጎኖቹ እየተናዱና በዝናብ እየተሸረሸሩ ሦስት ጥልቅ ሸለቆዎች ተፈጥረዋል፤ ስማቸውም ሲላዎስ፣ ሳላዚና ማፋት ነው። እነዚህ ሸለቆዎችና ተራሮቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ወደ ሲላዎስ የሚወስደው መንገድ ከአራት መቶ በላይ ጠመዝማዛዎች አሉት፤ የሊማሊሞን መንገድ የሚያውቅ ሰው ሊገምተው ይችላል። የሲላዎስ ምድር ደግሞ በምስሩ የታወቀ ነው። እናታችን እንደ ጾማቸው ሥርዓት ሩዝና ምስር ሲቀርብላቸው፣ ሽሮና በርበሬ ከአገራቸው መያዛቸውን ረስተው የዚያን አገር ምስር አመሰገኑ።

ሆኖም እነዚህ ሸለቆዎች ከውበታቸው ሌላ ታሪክ አላቸው። ደሴቲቱ እስከ አሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ሰው የማይኖርባት ነበረች። ፈረንሳውያን ከሰፈሩባት በኋላ ለእርሻቸው የሚሠሩትን ሰዎች ከማዳጋስካርና ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት አመጡ። ከባርነት ያመለጡት ሰዎች የሸሹት ወደነዚህ ገደላ ገደል ሸለቆዎች ነበር። ማፋት ስሙን ያገኘው ካመለጡት ሰዎች መሪዎች ከአንዱ ነው ይባላል። ዛሬም ቢሆን ወደ ማፋት የሚገባ የመኪና መንገድ የለም፤ ነዋሪዎቹ የሚወጡትና የሚገቡት በእግር ወይም በሄሊኮፕተር ነው። በአፋፉ ላይ ቆመን ቁልቁል ስንመለከት፣ ለጎብኚ ፎቶግራፍ ማንሻ የሆነው ገደል ለእነዚያ ሰዎች ምሽግ እንደነበረ ለልጆቹ ነገርናቸው።

ባርነት በደሴቲቱ የቀረው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 20 ቀን 1848 ሲሆን፣ ነፃ የወጣው ሕዝብ ከስልሳ ሺሕ በላይ ነበር። ከነዚህም መካከል ኤድሞን አልቢዩስ ይገኝበታል። ኤድሞን እ.ኤ.አ. በ1841 የአሥራ ሁለት ዓመት ባሪያ ልጅ ሳለ፣ የቫኒላን አበባ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ብቻ በእጅ ማዳቀል የሚቻልበትን ቀላል ዘዴ አገኘ። ቫኒላ ከትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ ርቆ ፍሬ ለማፍራት ይህን ዘዴ ይሻ ነበር። ዘዴው ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፤ ኤድሞን ግን እ.ኤ.አ. በ1880 በድህነት ሞተ።

እኛን ኢትዮጵያውያንን ከዚህች ደሴት ጋር የሚያገናኘን ነገርም በዚሁ የእርሻ ታሪክ ውስጥ አለ። ደሴቲቱ ቀድሞ ቡርቦን ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1715 የቡና ተክል ከየመን ወደዚህ መጣ፤ ቡና ወደ የመን የተሻገረው ደግሞ ከእኛ አገር ነው። በደሴቲቱ የተራባው የቡና ዝርያ «ቡርቦን» የሚለውን ስም ይዞ ኋላ እስከ ላቲን አሜሪካ ተዳርሷል። እናታችን ይህን ሲሰሙ ስኒውን አንሥተው አሸተቱትና «ዘመዳችን ነው፤ ብቻ አቆላሉን አልነገሯቸውም» አሉ።

ዛሬ በደሴቲቱ የሚኖረው ሕዝብ የእነዚያ ባሮች፣ የሰፋሪዎቹ፣ ከባርነት መቅረት በኋላ ለእርሻ ሥራ በውል የመጡት ሕንዳውያን፣ እንዲሁም የቻይናውያንና የሌሎችም ዘር ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የሕንዳውያን ቤተ መቅደስ በቅርብ ርቀት ይታያሉ። ደሴቲቱ «መገናኘት» የሚለው ስም የተሰጣት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ለሕዝቧ የተገባ ስም ሆኗል።

እኛም የእሳት ጎረቤቶች ነን

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ የምናወራው ስለ ሩቅ ደሴት ብቻ አይደለም። የእኛም አገር ከምድር በታች እሳት ያለባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ምድሪቱ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰነጠቀች። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ በተከታታይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሥተዋል። በኅዳር 2025 ደግሞ ከኤርታ አሌ አጠገብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ሳይታሰብ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። በነዚህ አካባቢዎች ያለው አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚኖረው በእሳቱ አጠገብ ነው።

የእኅታችን ልጅ በፒቶን ሳንት ሮዝ የጠየቀው ጥያቄ እኛንም የሚመለከተው ለዚህ ነው። ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው፣ ከብታቸው በአመድ የተራበባቸው፣ ከቀያቸው የተነሡ ሰዎችስ? ምድሪቱን ከመንቀጥቀጥ የሚያግድ ዕውቀት የለም። ምልክቱን አስቀድሞ የሚያይ መሣሪያ፣ የታየውን ሳይዘገይ የሚናገር አንደበት፣ ሰዎቹን የሚቀበል መጠለያ ማዘጋጀት ግን በሰው እጅ ያለ ነገር ነው። በዛሬው ዕለት ማዕዳችንን ከብበን ስንቆርስ፣ የተነሡት ወገኖቻችን ወደየትኛው ቤታቸው እንደሚመለሱም አብረን ልናስብ ይገባናል።

መልካም የትንሣኤ በዓል።